ነውር ካለ ንገረኝ

ላሞቼን የሸጥኩ ቀን ነውራቸውን በሰው ፊት ጮክ ብዬ ተናግሬያለሁ። ጥቁሯ በግራ በኩል ከተጠጓት ትራገጣለች አልኩ። ቡሬዋ ደግሞ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ካገኘች ታኝካለች፣ የባለቤቴን ነጠላ ሳይቀር በልታለች አልኩ። የቆመው ሰው ሳቀ። ገዢው ግን አልሳቀም፤ ራሱን ነቅንቆ ገመዱን ተቀበለኝ። ከብት ገበያ ያደግን ሰዎች የምንገበያየው እንዲህ ነው። የከብቷ አመልም ሕመምም በአንድ ቃል ነውር ይባላል። ገዢ «ነውር ካለ ንገረኝ» ይላል፤ ሻጭ ይናገራል። ከተናገረ በኋላ የሚመጣው የገዢው ጉዳይ ነው። ሳይናገር የተገኘበት ግን ከብቱን ይመልሳል፣ ከዚያ በኋላም ገመድ ይዞ ሲመጣ የሚጠጋው ሰው አያገኝም። ለዚህ ውል ተዋውለን አናውቅም።

ይህን ያስቀደምኩት ቀጥሎ የምተርከው ነገር ሁሉ በዚህች ቃል ላይ ስለዞረ ነው።

የምኖረው ሀና ማርያም ነው። የተወለድኩትም እዚሁ ነው፤ ያኔ ጤፍና ምስር ይዘራበት ነበር። አሁን ግራ ቀኙ ፎቅ ነው። እርሻው ሲያልቅ ላሞቹን ግቢ ውስጥ ይዤ ቀረሁ፤ ጠዋት ወተት እሸጣለሁ፣ ቀን ለቡ ያለ የግንባታ ዕቃ መጋዘን እጠብቃለሁ። ትምህርቴ ፊደል ከመቁጠር አላለፈም። የቀረውን ራሴን ያስተማርኩት ነው፤ መጋዘን በር ላይ ተቀምጬ ያገኘሁትን ጋዜጣ፣ አዋጅ፣ የመድኃኒት መመሪያ ሳይቀር እያነበብኩ። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ አይደለም። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ ጉድለት አለበት፤ ሲሳሳት የሚያርመው አልነበረም፣ ስለዚህ ሊያርመው የሚመጣውን ሁሉ ይጠረጥራል። እኔም እጠረጥራለሁ። ሚዛን እጠረጥራለሁ፣ ፈገግታ እጠረጥራለሁ፣ በስልክ የሚነገር ምስጋና እጠረጥራለሁ። ልጆቼንም በዚሁ ነው ያሳደግኳቸው።

ትልቋ ልጄ ዓረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ተመልሳ ነበር። ከመጣች በኋላ እዚህም እዚያም ሞከረች፤ የሚያዋጣ አላገኘችም። መንጃ ፈቃድ አወጣች። መኪና ቢኖራት በስልክ የሚጠራ ታክሲ ልትሠራ ፈለገች። አንድ ቀን ወተት ስቀዳ አጠገቤ ቆመችና እንዲህ አለችኝ፦

«አባዬ፣ ላስፈራራህ አይደለም። ግን እዚህ የምሠራው ካጣሁ እመለሳለሁ። ፓስፖርቴን አሳድሻለሁ።»

ላስፈራራህ አይደለም ስትል አመንኳት፤ ይህችን ልጅ አውቃታለሁ፣ የምታደርገውን ነው የምትናገረው። በሄደችባቸው ዓመታት እናቷ ስልክ በጮኸ ቁጥር ትደነግጥ ነበር። እኔ አልደነግጥም እል ነበር እንጂ እኔም እደነግጥ ነበር። እና ላሞቹ ይሂዱ፣ ልጄ ትቅር አልኩ።

መኪናዋን ያገኘልን አንድ ወጣት ደላላ ነው። ሻጩ ብስራተ ገብርኤል ጥሩ ግቢ ያለው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ በዕድሜ ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው ነበር። መኪናዋ ትንሽ ነጭ ናት። ታጥባ፣ ጎማዋ ሳይቀር ጥቁር ቅባት ተቀብታ ጠበቀችን። የታጠበች ላም ለገበያ ስትቀርብልኝ ጅራቷን አንስቼ አያለሁ። የመኪና ጅራት ግን የት እንደሆነ አላውቅም።

«ፋዘር፣ ይቺ እኮ ሐኪም የነዳት መኪና ናት» አለ ደላላው። «ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት። ሌላ መንገድ አታውቅም።»

«ሐኪሙ የት አለ?»

«እሱማ ለሳቸው ሸጦላቸው ሄደ» ብሎ ወደ ሻጩ ጠቆመ።

«የት ሄደ?»

«ኧረ ፋዘር! መኪና ነው የሚገዙት ሐኪም?»

ልጄ በክርኗ ነካችኝ። መጠየቄን ተውኩ። ልጄ ነዳች፣ ሻጩ አጠገቧ ተቀመጠ፣ እኔ ከኋላ። ወደ ዳገቱ እንውጣ ብል ሻጩ መንገዱ ተቆፍሯል አለ። እውነት ነው፣ በዚያ ሰሞን ያልተቆፈረ መንገድ አልነበረም። ሜዳ ሜዳውን ዞረን ተመለስን። ሞተሩ እንደ ድመት ነበር የሚያንኮራፋው።

ከመኪናዋ ወርጄ በሩን ዘጋሁና ሻጩን ፊት ለፊት ቆሜ የምጠይቀውን ጠየቅኩት፦ «ነውር ካለ ንገረኝ።»

ፊቱ ተለወጠ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ነውር? ኧረ አባባ! እኔ በነውር ታምቼ አላውቅም። ሰፈሩን ይጠይቁ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ይጠይቁ።»

የጠየቅኩት ስለ መኪናዋ ነው፤ የመለሰልኝ ስለራሱ ነው። ይህን ልብ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን እንደ መሐላ ቆጠርኩት። ላም ሲሸጥ አንዳንድ ሰው «በእኔ ይሁንብህ» ይላል፤ ከዚያ የበለጠ ቃል የለም። ይህም ያንን ማለቱ ነው ብዬ እጁን ጨበጥኩ። ውሉ ሲጻፍ «አይቼና መርምሬ ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ» የሚል ነበረበት። አነበብኩት። ሁሉም ውል ላይ አለ አሉኝ። ሁሉም ላይ ያለ ነገር ለእኔ አይሆንም ማለት ልማዴ ነበር፤ በዚያ ቀን ግን ፈረምኩ። ልጄ ቁልፉን በጣቷ እያዞረች ፈገግ ብላ ነበር።

መኪናዋ የቆመችው ከለቡ በኩል ወደ ላይ ስትወጣ ነው። ልጄ ሰው ጭና ነበር። የሙቀት መርፌዋ ተሰቀለች፣ ከፊት ነጭ እንፋሎት ወጣ። ተሳፋሪዋ ሴትዮ ወርዳ፣ «እህቴ፣ ገንፎ ነው እንዴ የምታበስይው?» ብላ ሌላ ታክሲ ጠራች። ልጄ ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። ዓይኗ ግን አልሳቀም።

መካኒኩ ከፍቶ አሳየኝ። ቴስታታ የሚሉት የሞተሩ የላይኛው ክፍል ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ላይ ጠንካራ ማጣበቂያ ተደፍኖበታል። ራዲያተሩ ውስጥ ደግሞ መድፈኛ የሚሆን ዱቄት ተጨምሯል። «ይሄ ዛሬ የተሰነጠቀ አይደለም፣ አባት» አለኝ። «ለሽያጭ የተሠራ ሥራ ነው። ሜዳ ላይ ይሄዳል፤ ዳገት ላይ ይፈላል።»

አላመንኩትም። ሥራ ፈልጎ ነው ብዬ ሌላ ጋራዥ አስገፍቼ ወሰድኳት። ሁለተኛውም ያንኑ ነገረኝ። ሁለቱ ሳይተዋወቁ አልቀሩም ብዬ ጠረጠርኩ። እውነቱ ቁልጭ ብሎ ከፊቴ ተቀምጦ እኔ ከጀርባው ሰው እፈልግ ነበር። ለደላላው ደወልኩለት፤ ስልኩ ዝግ ነው።

ከሁሉ የከፋው ጥርጣሬ ቤት ገባ። ልጄ ስልኳን ይዛ ወደ ጓሮ ትወጣለች። ማን ነው ስላት «ማንም» ትላለች። አንድ ማታ የስልኳ መስታወት ላይ የሻጩን ስም አየሁ። እንጀራውን እየቆረስኩ አሰብኩ፤ ይህች ልጅ መሄድ ፈልጋ ይሆን? መኪናዋ ብትበላሽ ትሄዳለች፣ እኔም ልከለክላት አልችልም፤ ሞክረናል፣ አልሆነም ትለኛለች። በማግሥቱ ጠዋት ጫማዋን ስታስር ጠየቅኳት።

«ውኃ ሳትጨምሪ ነበር የነዳሽው?»

ቀና አለች። «ጨምሬያለሁ።»

«መርፌዋን አታይም ነበር?»

«አይ ነበር።» የጫማዋን ማሰሪያ ለቀቀችና፣ «ሆን ብዬ አበላሸሁት ነው የምትለኝ፣ አባዬ?»

አይደለም አላልኳትም። ይህን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ። እሷም ወጥታ ሄደች። ቁም ሣጥኗን ከፍቼ ፓስፖርቷ መኖሩን አየሁ። ነበረ። ከልብሶቹ በላይ፣ በቶሎ የሚገኝ ቦታ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወደ ሕግ ዞርኩ። አሮጌ መጽሐፍ ከሚዘረጉት ልጆች አንዱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነበረው፤ ገዛሁትና መጋዘን በር ላይ ተቀምጬ ስለ ሽያጭ የሚለውን አነበብኩ። ቋንቋው ከባድ ነው፤ የአንዱ ዐረፍተ ነገር መጨረሻው ጋ ሲደርሱ መጀመሪያው ይጠፋል። ቢሆንም የተረዳሁት መሰለኝ፤ ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ይጠየቃል። ገዢም ጉድለቱን ሳይዘገይ ማስታወቅ አለበት ይላል። ማስታወቅ ማለት ለፍርድ ቤት ነው ብዬ ወሰድኩ። ለሻጩ ግን ትንፍሽ አልልም። ድንገት መጥሪያ ይድረሰው እንጂ፣ አስቀድሞ ካወቀ ማስረጃ ያጠፋል፣ ሰው ይገዛል። በዚህ ብልሃቴ ረክቼ ነበር።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ከጃንጥላ ሥር ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉ አሉ። አንዱ ጉዳዬን ሰምቶ ሳይጨርስ መጻፍ ጀመረ። ሌላው ጎተተኝ፤ «ጠበቃ ልያዝልዎት፣ አባባ። ዳኞቹን ሁሉ የሚያውቅ ነው።»

«ዳኞቹስ እሱን ያውቁታል?»

«እንዴታ!»

«እንግዲያው ይቅርብኝ» ብዬ ሄድኩ። ዳኛ የሚያውቀው ጠበቃ ለእኔ ከሆነ ለሻጩም ይሆናል።

ልጄ ናት ወደ ነፃ የሕግ ድጋፍ ቢሮ የወሰደችኝ። ከሰው ሰምታ ነው። በር ላይ «ነፃ አገልግሎት» የሚል ተለጥፏል፤ ከቃላት ሁሉ እንደ «ነፃ» የሚያስጠረጥረኝ የለም። ውስጥ ያለችው ጠበቃ ከልጄ በዕድሜ የምታንስ፣ መነጽር ያደረገች ሴት ናት።

«ይቀመጡ፣ አባባ።»

«መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የሚከፍልሽ ማን ነው?»

«ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ይህን ቢሮ የከፈተው እሱ ነው።»

«ሻጩም ዩኒቨርሲቲ የተማረ ነው።»

ሳቀች። «እንግዲያው አብረን ተምረን ይሆናል። ይቀመጡ፤ ከተጠራጠሩ ሁሉንም ሳይነግሩኝ ግማሹን ይንገሩኝ።»

ልጄ ፊቷን ወደ መስኮት አዞረች፤ ትከሻዋ ሲነቃነቅ አየሁ፣ እየሳቀች ነው። ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳት። እየጻፈች አዳመጠችና ብዕሯን አቆመች።

«ለሻጩ መቼ ነገሩት?»

«ምኑን?»

«መኪናዋ እንደተበላሸች።»

«አልነገርኩትም።»

«ለምን?»

«እንዳይነቃብኝ ነዋ!»

መነጽሯን አወለቀች። «አባባ፣ ሕጉ የሚፈልገው እኮ እንዲነቃ ነው።»

ማስታወቅ የተባለው ለሻጩ ነው ብላ አስረዳችኝ። ጉድለቱን ያወቀ ገዢ ሳይዘገይ ለሻጩ ካልነገረ መብቱን ሊያጣ ይችላል። ራሴ ያነበብኩት አንቀጽ ነው። በጣቴ እየተከተልኩ፣ ደጋግሜ። ቃሉን አውቄ ሰውየውን ስቼዋለሁ። መኪናዋ ከቆመች ብዙ ሰንብቷል፤ እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ ጊዜ ዝም በማለቴ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ላሞቹ፣ መኪናዋ፣ ልጄ፣ ሁሉም በአፌ መዘጋት ምክንያት ሲሄዱ ታየኝ። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ መሬት መሬቱን አየሁ።

«እኔ ነግሬዋለሁ» አለች ልጄ።

ሁለታችንም ዞርን።

«የዚያን ዕለት፣ መንገድ ላይ ቆሜ ደወልኩለት። ውኃ ጨምሪና ቀስ ብለሽ ንጂ፣ ይለቃታል አለኝ። ጋራዥ ከከፈቱት በኋላ ስደውል ግን አያነሳም። ስለዚህ መልእክት ላኩለት፤ ቴስታታው ተሰንጥቋል፣ ተደፍኖ ነው የሸጥክልን ብዬ። ደጋግሜ ልኬያለሁ። አይቶታል።»

ስልኳን ለጠበቃዋ ሰጠቻት። ጠበቃዋ እያነበበች ፊቷ ፈታ አለ። እኔ ማታ ማታ ጓሮ የምትወጣበትን ምክንያት ያወቅኩት ያኔ ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ብነግርህ ምን ትል ነበር? ከሻጩ ጋር ተስማምታለች ትል ነበር።»

እል ነበር። ብዬም ነበር፤ በሆዴ።

ጠበቃዋ አንድ የሚቀር ነገር አለ አለች። ውሉ «ባለበት ሁኔታ» ይላል፤ ሻጩ በዚያ ይከላከላል። ይህ ቃል የማያድነው ጉድለቱን እያወቀ የደበቀ እንደሆነ ነው። ማወቁን ግን እኛ ነን የምናሳየው።

«ጠይቄዋለሁ» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «ነውር ካለ ንገረኝ ብዬዋለሁ።»

«ምን ካለ?»

«ነውር።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

ስለ ጥቁሯ ላም ርግጫ፣ ስለ ቡሬዋና ስለ ነጠላው ነገርኳት። ጉንጯን በእጇ ይዛ ሰማችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «አባባ፣ አይቀየሙኝ። እኔን እንደዚያ ቢሉኝ የተሰረቀ መኪና ነው ወይ ያሉኝ ነበር የሚመስለኝ። ወይም ከሰው ባል ጋር ታይተሻል ወይ ያሉኝ።»

«መኪና ፊት ቆሜ?»

«ከተሜ ነኝ» አለች።

ዕድሜዬን ሙሉ የተገበያየሁባት ቃል ከብስራተ ገብርኤል ግቢ ስትገባ ሌላ ቃል ሆና እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። በእኔ አፍ የከብት ነበረች፤ በእሱ ጆሮ የሰው ሆነች። ስለዚህ ነው ስለራሱ የመለሰልኝ። እና ዋሸኝ ብዬ ሳብሰለስል የኖርኩት መልስ ውሸት ላይሆን ይችላል። ይህ አላስደሰተኝም። ሰው ሲዋሽህ ቢያንስ የት እንደቆምክ ታውቃለህ።

ጠበቃዋ ክስ ከመመሥረታችን በፊት ሰውየው ቀርቦ እንዲነጋገር ጠራችው። እኔ አይመጣም ብዬ ነበር። መጣ፤ ሸሚዙ እንደ ወትሮው የተተኮሰ ነው። አክብሮ ሰላም አለኝ፣ ወገቡን ጎንበስ አድርጎ። ጠበቃዋንም ጨበጣት፤ አጨባበጡን ልብ ብዬ አየሁ፣ የሚተዋወቁ መሆናቸውን ለማወቅ።

ጠበቃዋ የጉዳዩን አካሄድ አስረዳችው። እሱ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ።

«ውሉን አንብበዋል፣ ፈርመዋል። ባለበት ሁኔታ ነው የገዙት። ዕድሜ ያላት መኪና ናት፤ ትበላሻለች። እኔ ምን ላድርግ?»

«ጠይቄህ ነበር» አልኩት። «ነውር ካለ ንገረኝ ብዬህ ነበር።»

«እሱን እንኳ አያንሱት፣ አባባ!» ድምፁ ከፍ አለ፤ እውነት የተከፋ ሰው ድምፅ ነበር። «ያን ቀን ቅር ብሎኛል። ቤቴ መጥተው፣ ልጆቼ እየሰሙ፣ ነውር አለብህ ወይ አሉኝ። ሌባ አድርገውኝ ነው ብዬ ለባለቤቴም ነግሬያታለሁ። እኔ ነውረኛ ሰው አይደለሁም! ስለ ሙቀቷ ቢጠይቁኝ ኖሮ በግልጽ እነግርዎት ነበር።»

ከውጭ የአንድ ሰው ስም ሲጠራ ይሰማል።

ጠበቃዋ ቀና ሳትል፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ስለ የትኛው ሙቀቷ?» አለችው።

የሰውየው እጅ ወደ ደረቱ ሊሄድ ተነሣና መንገድ ላይ ቀረ። ልጄ ክንዴን ያዘች፤ ምንም እንዳልናገር ነው። እኔም አልተናገርኩም። በሕይወቴ ዝምታ የጠቀመኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው እላለሁ።

በኋላ በራሱ ጊዜ ተናገረ። ዳገት ላይ ትሞቅ እንደነበር፣ አንድ ሰው እንደደፈነለት፣ ከተደፈነ በኋላ ደህና የሆነች እንደመሰለው። «ማንም አልጠየቀኝም» ይል ነበር እየደጋገመ። «ማንም ስለ ሙቀት አልጠየቀኝም።» እዚህ ላይ የምለው አለኝ። ይህ ሰው ራሱን ውሸታም አድርጎ አያይም፤ ዛሬም አያይም ብዬ እገምታለሁ። አልዋሸም፣ ያልተጠየቀውን ነው ያልተናገረው። በእኛ ገበያ ግን ጥያቄው ምንም ይሁን ምን የሻጭ አፍ ቀድሞ ነው የሚከፈተው። ላሟን የሚያውቃት እሱ ነው። ገዢ የማያውቀውን በስሙ ጠርቶ እንዲጠይቅ መጠበቅ ዓይነ ስውርን ጉድጓድ ዳር አቁሞ «የት እንደሆነ አልጠየቀኝም» እንደ ማለት ነው። ልጆቼ ይህን እንዲያነቡ እፈልጋለሁ።

እኔ ክስ ነበር የምፈልገው። ዳኛ ፊት ይቅረብ፣ ያን ቃል በሰው ፊት ይናገር፣ ይመዝገብ። ጠበቃዋ ግን ስምምነት ይሻላል አለች፤ ክስ ይረዝማል፣ የተናገረውንም ነገ ሊክደው ይችላል። ሻጩም በራሱ ወጪ ቴስታታውን ሊያስቀይር ተስማማ። እዚያው ላይ ጥርጣሬዬ ተነሣ። ለምን ቸኮለች? ለምን ጨበጣት?

ኮሪደር ላይ ለልጄ ነገርኳት። «ይቺ ልጅ ወደ እሱ ያዘነበለች ይመስለኛል።»

«አባዬ።» ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። «አንተ የምትፈልገው ፍርድ ነው። እኔ የምፈልገው መኪና ነው።»

«ፍርድ ቢገኝ መኪናውም ይመጣል።»

«መቼ? እኔ እስከዚያ ቁጭ ብዬ አልጠብቅም። አልችልም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እዚህ መቅረት እፈልጋለሁ እኮ። አልገባህም እንጂ።»

አልገባኝም ነበር። ልትሄድ የምትፈልግ መስሎኝ፣ መቅረት የምትፈልገውን ልጅ በር ላይ ቆሜ ስጠብቃት ነበር።

ተመልሰን ገባን። እፈርማለሁ፣ ግን ሦስት ነገር ይጻፍልኝ አልኩ። ሥራው እኛ በመረጥነው ጋራዥ ይሁን። የወጣው አሮጌ ቴስታታ ለእኛ ይሰጥ፤ ይህን መካኒክ ቤት የሄደ ሁሉ ያውቀዋል፣ አሮጌውን ካላዩ አዲሱ መግባቱን አያምኑም። ሦስተኛው ደግሞ ሰውየው ሌላ የሚያውቀው ነገር ካለ እዚሁ ይናገር።

«እንዴት ብዬ ልጻፈው?» አለች ጠበቃዋ። «ጉድለት ልበል?»

«ሁለቱንም በይ። ጉድለትም ነውርም።»

ሻጩ አንገቱን ደፍቶ፣ «የኋላ ግራ በሯ ዝናብ ያስገባል» አለ። «ደግሞ ነዳጅ መለኪያዋ ግማሽ ላይ ስትደርስ ትዋሻለች።»

«ይኸው!» አልኩት። «አሁን ነው የሸጥክልኝ።»

ልጄ ሳቀች፤ ጠበቃዋም። እሱም ትንሽ ፈገግ አለ መሰለኝ፤ ግን በእሱ ፈገግታ ላይ አልምልም።

አሮጌው ቴስታታ አሁን ባዶው የላሞቹ በረት ውስጥ፣ ድርቆሽ አስቀምጥበት የነበረው ቦታ ላይ ነው። ባለቤቴ ለብረት ገዢዎች ስጠው ትለኛለች። አልሰጥም። አንዳንዴ ገልብጬ ስንጥቁን አያለሁ፤ ፀጉር የሚያህል ቀጭን ነው። በዚህች ቀጭን መስመር ምክንያት ስንቱን ሰው እንደጠረጠርኩ አስባለሁ። መካኒኩን፣ ጠበቃዋን፣ ልጄን። ከእነሱ መካከል የበደለኝ የለም። የበደለኝን ደግሞ እጁን ደረቱ ላይ ስላደረገ አምኜው ነበር። ጥርጣሬ ከስሕተት ያድናል ብዬ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት፤ አሁን እንዲያ ብዬ ለመናገር አፌ ይከብደኛል። መጠርጠሬን ግን አልተውኩም። በዚህ ዕድሜ ከየት አምጥቼ ሌላ ሰው ልሁን።

መኪናዋ ከተሠራች በኋላ ልጄ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ መጋዘኑ ታደርሰኛለች። አንድ እሑድ ግን ብስራተ ገብርኤል ለቅሶ ነበረን፤ ሁለታችን ሄድን። ያ ያኔ ተቆፍሯል የተባልነው ዳገት አሁን አስፋልት ለብሷል። ሳትጠይቀኝ ወደዚያ ታጠፈች። እኔ ከፊት ነው የተቀመጥኩት። ሞተሩ ድምፁን ከፍ አደረገ። አንገቴን አስግጌ የሙቀት መርፌዋን ማየት ጀመርኩ፤ መሀል ላይ ደርሳ ቆመች። አልወጣችም። ዓይኔን አላነሳሁም። ከመርፌዋ በላይ መሪውን የያዙት የልጄ እጆች አሉ፣ ከእጆቿ በላይ ፊቷ። የጆሮ ጉትቻ አድርጋለች፤ ከመጣች ወዲህ ስታደርግ አላየሁም ነበር።

«አባዬ» አለች ከመንገዱ ዓይኗን ሳታነሳ። «መርፌዋን ነው ወይስ እኔን የምታየው?»

«መርፌዋን» አልኩ።

ጥቂት ሄድን። ዳገቱ አላለቀም።

«ሁለታችሁንም» አልኳት።

«እንግዲያው ልንገርህ» አለች፤ ማርሽ ቀየረች። «ፓስፖርቱን ከታች አድርጌዋለሁ፣ ከብርድ ልብሶቹ ሥር። ቁም ሣጥኑን ስትከፍት ልብሴን አታመሰቃቅል።»